ብሩሽ በኮሚክ ገጽ ላይ፦ የአሌክስ ሮስ የሥዕል ሥራና ያስከፈለው ዋጋ

የአሜሪካ ኮሚክ መጽሔት ለረጅም ዘመን የተመረተው በቅብብሎሽ ነው። ደራሲው ታሪኩን ይጽፋል፤ አንዱ ሠዓሊ በእርሳስ ይነድፋል፤ ሌላው ንድፉን በጥቁር ቀለም ያጠብቃል፤ ከዚያ ቀለም ቀቢውና ፊደል ጻፊው ይከተላሉ። ይህን የሥራ ክፍፍል የወለደው የውበት ጥያቄ አይደለም፤ መጽሔቱ በየወሩ ገበያ ላይ መዋል ስለነበረበት ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ አንድ ሰው የሦስቱን ድርሻ ጠቅልሎ እያንዳንዱን ገጽ በብሩሽ ልሣል ቢል ከጊዜ ጋር መጋጨቱ አይቀርም። የአሌክስ ሮስ ሥራ ሊመረመር የሚገባውም ከዚህ ግጭት አንጻር ነው፤ እውነታዊ የቀለም ቅብ ለኮሚክ ምን ጨመረለት? ምንስ አስከፈለው?

ሮስ በ1970 በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)፤ ያደገው ግን በቴክሳስ፣ በሉበክ ከተማ ነው። አባቱ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ እናቱ የንግድ ሥዕል ባለሙያ ነበሩ። እናቱ በተማሩበት በቺካጎው የአሜሪካ የሥነ ጥበብ አካዳሚ እሱም ገብቶ ተማረ። የኖርማን ሮክዌል ተጽዕኖ በሥራው ላይ ጎልቶ ይታያል። ሮክዌል የተራውን አሜሪካዊ ፊት በመጽሔት ሽፋን ላይ በፍቅር የሣለ ሰው ነው፤ የሮስ ምኞት ያንኑ ዓይን ወደ ልዕለ ኃያላን ጀግኖች ማዞር ነበር። ከትምህርት በኋላ በሊዮ በርኔት የማስታወቂያ ድርጅት የማስታወቂያ ፊልሞችን ትዕይንት በቅደም ተከተል የሚያሳዩ ንድፎችን ሠራ። የመጀመሪያው የታተመ የኮሚክ ሥራው በ1990 የወጣ የ«ተርሚኔተር» ታሪክ ነው።

የሚሠራበት ቀለም ጉዋሽ ይባላል፤ በውኃ የሚበጠበጥ ሆኖ እንደ ተራው የውኃ ቀለም ብርሃን አያሳልፍም፤ ሲደርቅም አያንጸባርቅም። ሮስ በቅድሚያ ትንሽ ረቂቅ ይነድፋል፤ ወዳጆቹን አልባሳት አልብሶ፣ መብራት አስተካክሎ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ንድፉን በእርሳስ ያጠናቅቃል፤ ብርሃንና ጥላውን በጥቁርና ነጭ ከለየ በኋላ ነው ቀለሙን የሚያለብሰው። የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ አንድ ነገር ነው፦ ክብደት። የሱፐርማን ልብስ በመስመር ሲሣል ከቆዳው ጋር የተጣበቀ ቀለም ይመስላል፤ በሮስ እጅ ግን የሚጨማደድ ጨርቅ ይሆናል፤ ከጨርቁ ሥር ደግሞ ዕድሜ ያለው ሰው አለ። በቀለም ቅብ የተሠራ ኮሚክ ከእሱ በፊትም ነበር፤ ቢል ሲንኬቪችና ጆን ሙት በ1980ዎቹ ሠርተውታል። እነሱ ግን ወደ ሕልምና ወደ ስሜት ያደሉ ነበሩ።

በ1994 ከደራሲ ከርት ቢውሲክ ጋር በአራት ክፍል ያወጣው «ማርቭልስ» ዘዴው ለምን እንደተፈለገ ያስረዳል። ታሪኩ ከ1939 አንሥቶ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ያለውን የማርቭል ዓለም የሚተርከው በጀግኖቹ አንደበት አይደለም፤ ፊል ሼልደን በሚባል የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ዓይን ነው፤ ያውም በአንድ ዓይን፣ ሌላውን በጀግኖች ፍልሚያ መካከል አጥቷልና። አንባቢው ጀግኖቹን የሚያያቸው ከመንገድ ዳር፣ አንገቱን አቅንቶ ነው። በእኔ ግምት የሮስ እውነታዊነት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ተመልካቹ ሥጋና ደም ካልሆነ የሚበርረው ሰው አያስደንቅም።

ከማርክ ዌይድ ጋር በ1996 የሠሩት «ኪንግደም ከም» ይህንኑ ያጠናክራል። ርእሱ ከአባታችን ሆይ ጸሎት የተወሰደ ሲሆን ታሪኩም የዮሐንስ ራእይን ቃላት ያስተጋባል። የካንሳስ የእርሻ ምድር በጀግኖች ግብታዊነት ከጠፋ በኋላ ሱፐርማን ሽበት ቀላቅሎ ከተገለለበት ይመለሳል። ምስክሩ ኖርማን ማኬይ የተባሉ አዛውንት ሰባኪ ናቸው፤ ለፊታቸው ሞዴል የሆኑት የሠዓሊው አባት ናቸው። መጽሐፉ በዘመኑ ገበያውን ለሞሉት ደም አፍሳሽ ጀግኖች የተሰጠ መልስ ነበር። ናፍቆት ይበዛበታል የሚለውን ትችት ግን ሙሉ በሙሉ መመለስ የሚቻል አይመስለኝም።

ለእኛ አንባቢ ቅርብ የሚሆነው ከፖል ዲኒ ጋር በ1998 ያሳተመው «ሱፐርማን፦ ፒስ ኦን ኧርዝ» ነው። በዚህ ሰፊ ገጽ ባለው መጽሐፍ ሱፐርማን ለአንድ ቀን የዓለምን ረሃብተኞች ሊመግብ ይነሣል፤ እህል ተሸክሞ ከአህጉር ወደ አህጉር ይበርራል፤ ጥርጣሬና የገዢዎች ስግብግብነት ግን መንገዱን ይዘጉበታል። አሳታሚው ዲሲ በ1986 ለአፍሪካ ረሃብ ርዳታ ባሳተመው መጽሔት ሱፐርማንና ባትማንን ወደ ኢትዮጵያ ልኳቸው ነበር። ሮስ የመረጠው ጀግናው የማይሳካለትን መንገድ ነው፤ የንግግር ማቀፊያዎችንም አስወግዶ ሥዕሉን ጸጥ አደረገው።

ይህ ጸጥታ ድክመቱም ነው። ኮሚክ የሚሮጠው በሁለት ክፈፎች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ነው፤ እያንዳንዱ ክፈፍ በራሱ ያለቀ ሥዕል ሲሆን ዓይን ይቆማል፣ ሩጫውም ይቀዘቅዛል። ጊዜውም ሌላ ዕዳ ነው። ከ2005 እስከ 2007 በወጣው ባለ 12 ክፍል «ጀስቲስ» ዳግ ብሬይትዌይት በእርሳስ ነድፎ ሮስ በላዩ ቀለም መቀባቱ፣ ብቻውን የያዘውን ሥራ መልሶ ወደ ቅብብሎሽ ማስገባት ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዛት የሚታወቀው በሽፋን ሥዕል ነው፤ ሽፋን አንድ ቅጽበት ብቻ ስለሚጠይቅ ለዘዴው ይስማማል፤ ከውስጡ ገጾች ይልቅ ሽፋኑን ፈልገው የሚገዙም አሉ።

በ2022 ግን ራሱ ጽፎ ራሱ በሣለው «ፋንታስቲክ ፎር፦ ፉል ሰርክል» ጉዋሹን ትቶ ወደ መስመር ተመለሰ። ታሪኩ ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በ1966 ካወጡት አንድ ክፍል ይቀጥላል፤ ቀለሙ ጠፍጣፋና ጥቂት ነው፤ ጥላው በጥቁር ቀለም ብቻ ይገለጻል፤ ገጸ ባሕርያቱም ክፈፉን ጥሰው ይወጣሉ።