ተጨማሪ መረጃ፦ የዊንጌት አዳሪዎችና የጄኔቫው ዲፕሎማ

ከኮልፌ ቀራኒዮ አጠገብ ያለው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1946 ሲከፈት፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ወንዶች ልጆች እየተመረጡ ይገቡበት ነበር። ስያሜው በ1941 ከአርበኞቻችን ጎን ተሰልፎ ጣሊያንን ለወጋው የእንግሊዝ መኮንን ለኦርድ ዊንጌት መታሰቢያ ነው። የሚያስተዳድረው ብሪቲሽ ካውንስል ሲሆን፣ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነበር፤ ተማሪዎቹም ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ይቀመጡ ነበር። አብሮ መኖርን ያስተማራቸው ግን መጽሐፉ ብቻ አይደለም። ቋንቋቸውም ሃይማኖታቸውም የተለያየ ልጆች በአንድ ግቢ አድረው፣ ከአንድ ገበታ እየበሉ አደጉ። መለስ ዜናዊም የዚያ ቤት ልጅ ነበሩ።

ግቢው ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው።

ዊንጌት በአብሮ መኖር ያስተማረውን ዓይነት እሴት አሁን ያሉት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች በጽሑፍ ያሰፍራሉ። በ1968 ጄኔቫ ላይ የተመሠረተው ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የተባለው የትምህርት ድርጅት ጠያቂነትን፣ ሐቀኝነትንና ለሌላው ማሰብን ጨምሮ 10 የተማሪ ባሕርያትን ይዘረዝራል። ኦልድ ኤርፖርት የሚገኘው ኢንተርናሽናል ኮሚዩኒቲ ስኩልም የዚህኑ ድርጅት የዲፕሎማ ትምህርት ይሰጣል። ዝርዝር መደርደር መቼም ቀላል ነው፤ ክብደት የሚሰጠው ደንቡ ነው። ተማሪው በፈጠራ ሥራ፣ በአካል እንቅስቃሴና በማኅበረሰብ አገልግሎት የሚጠበቅበትን ካላሟላ፣ የፈተና ውጤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ዲፕሎማውን አያገኝም።