ሦስት ቀን ብቻ ካላችሁ የቱን ቴአትር ታያላችሁ?

የዛሬው ጨዋታችን ለአጭር ጊዜ አዲስ አበባ ብቅ ለሚሉ እንግዶችና እንግዳ ለሚመጣባቸው የከተማ ልጆች ነው። ከሐዋሳ፣ ከደሴ፣ ከድሬዳዋ ወይም ከጎንደር ለጉዳይ ትመጣላችሁ። ሁለቱ ቀን በቢሮ ደጃፍና በገበያ ያልቃል። አንድ ምሽት ይተርፋል። «ቴአትር እንይ» ይባላል። ጥሩ! ግን የቱን?

እኔ መቼም ዘመድ ጓደኛ ሁሉ «አንቺ ታውቂያለሽ፣ አንድ ጥሩ ቴአትር ጠቁሚን» እያለ ይደውልልኛል። ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ «አሁን ከሚታዩት አሪፉ የቱ ነው?» ይላሉ። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ይሄ ጥያቄ ይበቃው ይሆናል። ዛሬ ያየው ካልጣመው በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ያያል። እንግዳ ግን ያቺው አንድ ምሽት ናት ያለችው። ስለዚህ ስለ ቴአትሩ ከመጠየቁ በፊት ስለ ራሱ መጠየቅ አለበት። በየትኛው ቀን ነው ያለሁት? ከማን ጋር ነው የምገባው? ቤቴ ተቀምጬ የማላገኘው ነገር ምንድን ነው? በየተራ እንያቸው።

መጀመሪያ ቀን ይቆጠር

ብዙ እንግዶች የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው። የእኛ አገር ቴአትር እንደ ሲኒማ በየቀኑ አይታይም። አንድ ቴአትር በሳምንት ውስጥ የራሱ ቀን አለው። በአንዱ ቴአትር ቤት የሐሙሱ ሌላ ነው፣ የቅዳሜው ሌላ ነው፣ የእሁዱም ሌላ። ማክሰኞ ገብታችሁ ሐሙስ የምትሄዱ ከሆነ አገር ያወራለት የእሁድ ቴአትር የእናንተ አይደለም። ብታለቅሱም አታገኙትም።

ስለዚህ «አሪፉ የቱ ነው?» ከማለታችሁ በፊት «እኔ ባለሁባቸው ቀናት የሚታዩት የትኞቹ ናቸው?» በሉ። መልሱ ብዙ ጊዜ ከሁለትና ከሦስት አይበልጥም። ከዚያ መምረጥ ይቀላል። ጉዟችሁን ራሳችሁ የምትወስኑ ከሆነ ደግሞ ቅዳሜና እሁድን ጨምሩበት። የሥራ ቀን ቴአትር አብዛኛውን ጊዜ ከ11 ሰዓት በኋላ ስለሚጀምር በታክሲ ወረፋና በመንገድ መጨናነቅ መካከል ትያዛላችሁ፣ መጀመሪያውም ያመልጣችኋል። መጀመሪያው ያመለጠው ሰው ደግሞ «ይሄ ማነው? ያቺስ ምኑ ናት?» እያለ ጎረቤቱን ሲነዘንዝ ያመሻል።

አንድ ነገር ልብ በሉ! በበዓል ሰሞን መደበኛው ፕሮግራም ይለወጣል። አዳራሹ ለሌላ ዝግጅት ሲፈለግ ወይም ዕድሳት ሲገባ ቴአትሩ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በዚያው ዕለት ጠዋት ደውሉ፤ በአካባቢው ካለፋችሁም በር ላይ ያለውን ማስታወቂያ አንብቡ። «ባለፈው ወር አይቼዋለሁ፣ አለ» ያለ ጓደኛ መረጃ ብቻውን አይበቃም።

ከማን ጋር ነው የምትገቡት?

አንድ የማውቀው ልጅ አለ። እጮኛው የገጠር ልጅ ናት። ባለፈው ዓመት እናቷና ታላቅ ወንድሟ የሠርጉን ነገር ሊነጋገሩ ለአራት ቀን መጡ። ልጁ «ደስ ላሰኛቸው» ብሎ ሰው ሁሉ በሳቅ የሚፈርስበትን ኮሜዲ መርጦ አስገባቸው። ከፊት ወንበር ነበር ያስቀመጣቸው።

መድረኩ ላይ ከገጠር የመጣ ሰው ገባ። ንግግሩ ልክ የእናትየው አገር ንግግር ነው። አረማመዱ ይሳቅበታል፣ ሰላምታው ይሳቅበታል፣ ሽንት ቤት አለማወቁ ይሳቅበታል። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም። ወንድምየው ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ሲወጡ እናትየው ልጁን ምን አሉት መሰላችሁ? «ልጄ፣ እዚህ አገር እንደኔ የሚናገር ሰው እንዲህ ነው የሚሳቅበት?»

ልጁ የሚመልሰው አጣ። በማግስቱ ስለ ሠርግ የተነሳው ወሬ ሁሉ ቀዘቀዘ። «ልጃችንን ሰጥተን እኛን የሚንቅ ቤት ልናስገባት ነው?» የሚል ነገር መጣ። እጮኛው ስንት ምሽት ለምና፣ ሽማግሌም ገብቶ ነው ነገሩ የበረደው። ልጁ ክፉ አላሰበም። ቴአትሩ ሰው ያስቃል ወይ ብሎ ጠይቋል፤ በማን ላይ ያስቃል ወይ ብሎ ግን አልጠየቀም።

ኮሜዲ አትዩ ማለቴ አይደለም፤ ኧረ እንዲያውም! «ባቢሎን በሳሎን» በብሔራዊ ቴአትር ለዓመታት የታየው ሰው በትዳር ጓዳ ጉድ መሳቅ ስለሚወድ ነው። ግን ወላጅ፣ አማት፣ የሃይማኖት ሰው ወይም ልጅ ይዛችሁ ስትገቡ ቴአትሩን ያየ ሰው ፈልጋችሁ «የሚሳቀው በማን ነው? ነውር ንግግር አለበት ወይ?» በሉት። በሁለት ደቂቃ ይነግራችኋል። ልጆች ካሏችሁ ደግሞ ሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር የሚባል ለእነሱ የተቋቋመ ቤት እንዳለ አትርሱ። የስድስት ዓመት ልጅ ሁለት ሰዓት የፈጀ የትዳር ጭቅጭቅ ላይ አስቀምጦ «አትናገር፣ አትንቀሳቀስ» ማለት ቅጣት ነው።

«በሳቅ አታታሉኝ»

ሁለተኛው ታሪክ የአንዲት ጓደኛዬ ነው። ከሐዋሳ አባቷን ለሕክምና ይዛ መጣች። ምርመራው ተደርጎ ውጤት እስኪመጣ ሦስት ቀን ጠብቁ ተባሉ። እሷ ደወለችልኝ፤ «እባክሽ ሳቅ ብቻ የሆነ ነገር ጠቁሚኝ። ሞት የሌለበት፣ ሐዘን የሌለበት።»

አባትየው ከአልጋው ላይ ሆነው ሰምተዋታል። በወጣትነታቸው፣ በ1960ዎቹ፣ አዲስ አበባ ኖረዋል። የጸጋዬ ገብረመድህንን «ሀሁ በስድስት ወር» አይተዋል። ያን ጊዜ ሰው ከቴአትር ወጥቶ መንገድ ላይ ቆሞ ሲከራከር ያመሽ እንደነበር ሁልጊዜ ያወራሉ። «ልጄ፣ በሳቅ አታታሉኝ። ቴአትር ካየሁ ቁም ነገር ያለው አሳዩኝ» አሏት። እሷ ፈራች። በዚያ ቀን ከሚታዩት ውስጥ ቁም ነገር ያለው አንድ የታሪክ ቴአትር ነበር። በመጨረሻው ላይ ሰው እንደሚሞትበት ታውቃለች። «አባዬ ይከብድሃል» ብትል አልሰማም አሉ። ገቡ።

ማታ እራት ላይ አባትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሕመማቸው ተናገሩ። መጀመሪያ ስለ ቴአትሩ ነበር የጀመሩት፤ ያ ሰውዬ ሊሞት ሲል ለቤተሰቡ የተናገረውን ወደዱለት። ከዚያ «እኔም የምለው አለኝ» አሉ። ውጤቱ ክፉ ከሆነ እዚህ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ እንዳያቆዩኝ፣ ቤቴ መልሱኝ፣ መሬቱን እንዲህ አድርጉ፣ ከወንድምሽ ጋር ታረቂ… ልጅቱ እያለቀሰች ሰማች። ወር ሙሉ ሁለቱም ልባቸው ውስጥ ይዘውት የነበረ ነገር ነው። ውጤቱ መጣ፤ ክፉ ነበር። ግን ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቅ ነበር። ከወንድሟም ጋር ታርቃለች።

ይሄን የምነግራችሁ አንዳንዱ ሰው «የተጨነቀን ሰው ማሳቅ ነው» ስለሚል ነው። የሚያስፈልገው ሳቅ ይሁን ቁም ነገር የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ለሰው ስትመርጡ መጀመሪያ ራሱን ጠይቁት።

ቤታችሁ የማታገኙትን ምረጡ

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። ብዙ ወጣት ቴአትር የሚመርጠው በፖስተሩ ላይ ባለው ፊት ነው። «የዚያ ድራማ ተዋናይ እኮ ነው!» ይሆናል፤ ግን ያን ተዋናይ ደሴ ሆናችሁ በቴሌቪዥን በየሳምንቱ ታዩታላችሁ፣ በስልካችሁም ታገኙታላችሁ። የመጣችሁት ለሦስት ቀን ነውና ከመድረክ ውጪ የማይገኘውን ፈልጉ።

ምን ዓይነት? ለምሳሌ አንድ ሰው ብቻውን መድረኩን የሚሞላበት ቴአትር። በረከት በላይነህ ደርሶት ግሩም ዘነበ ብቻውን የተጫወተውን «እያዩ ፈንገስ»ን ያዩ ሰዎች የሚያወሩት ሌላ ጌጥ የለውም፤ አንድ ሰው ያለ አጋዥ ተመልካቹን ይዞ ማምሸቱን ነው። ወይም ደግሞ ቋንቋው የተመረጠ የታሪክና የግጥም ቴአትር። ጸጋዬ «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ ሲመልስ ተዋናዩ በሙሉ ድምፁ እንዲናገረው አድርጎ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በመጣችሁበት ቀን መድረክ ላይ ካገኛችሁ አትለፉት። ወይም ደግሞ የባህል ሙዚቃና ውዝዋዜ ዝግጅት። ከበሮው ደረታችሁ ላይ ሲመታ በስልክ ከሚሰማው ጋር አንድ አይደለም።

አዲስ የተመረቀ ቴአትር ሁልጊዜ ይሻላል ብላችሁም አትሩጡ። የምረቃ ቀን ንግግርና የክብር እንግዳ ይበዛዋል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተዋንያኑ ገና እየተለማመዱት ነው። ለረጅም ጊዜ የቆየው ደግሞ ተዋናይ ተቀይሮበት ይሆናል። ስለዚህ ትኬት ስትቆርጡ «ዋናዎቹ ተዋንያን ዛሬ አሉ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ቤቶቹም ራሳቸው ይታያሉ

እንግዳ ለሆነ ሰው አዳራሹም አንድ ትርዒት ነው። ፒያሳ ያለው ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የጣልያን ወረራ ሲያንዣብብ ሕዝቡን በአገር ፍቅር ለመቀስቀስ ነበር። ጥላሁን ገሠሠ የጀመረው እዚያ ነው። አዳራሹ ትንሽ በመሆኑ ተዋናዩን በቅርብ ታዩታላችሁ። በግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የ25 ዓመት የዘውድ በዓል በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ ሰፊና ግርማ ያለው ነው። የተከፈተበት ቴአትር የመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ብዙ ተዋናይና ትልቅ ትዕይንት ያለበት ሥራ እዚያ ያምራል። ደጁ ላይ የቆመው የድንጋይ አንበሳም ለፎቶ አይጠፋችሁም። ከቸርችል ጎዳና ራስ ላይ ያለው ማዘጋጃ ቤትም የራሱ የቴአትር አዳራሽ አለው።

ድሮ አዲስ አበባን ለሚያውቁ አንድ ማስታወሻ አለኝ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ ሰፈር ፈርሷል። «ከዚያች ኬክ ቤት አጠገብ ታጥፈህ» የተባለ አቅጣጫ ዛሬ ላያደርሳችሁ ይችላልና ቀደም ብላችሁ ውጡ።

ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

እንግዲህ ቆርጣችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ የምትይዙት ይኸውላችሁ፦

1. እኔ ባለሁበት ቀን የሚታየው የቱ ነው? ዛሬ በእርግጥ አለ?
2. አብሮኝ የሚገባው ሰው ምን ማየት ይፈልጋል? ጠይቄዋለሁ?
3. የሚሳቀው በማን ላይ ነው?
4. ስንት ሰዓት ያልቃል? ያረፍኩበት ቤት በዚያ ሰዓት በምን እመለሳለሁ? ከትኬቱ ይልቅ የማታ ታክሲ ነው ኪስ የሚያራቁተው፤ ሴቶች ብቻችሁን ከሆናችሁ ደግሞ ይሄ ጥያቄ መጀመሪያ ይምጣ።
5. ይሄን ነገር ከተማዬ ተመልሼ በስልኬ ማየት እችላለሁ? መልሱ «አዎ» ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

የመጨረሻው ምክሬ ቁጥርን ይመለከታል። «መጥቼማ ሦስቱንም አያለሁ» የሚል አለ። ሐሙስ አንድ፣ ቅዳሜ አንድ፣ እሁድ አንድ። አውቶቡስ ላይ ሲወጣ የማን ሚስት የማንን ቤት ጥላ እንደሄደች ተደበላልቆበታል። አንድ ይበቃል! ከእሱ በኋላ ቁጭ ብላችሁ ሻይ ወይም ማኪያቶ የምትጠጡበትን አንድ ሰዓት ግን አስቀሩ። አብሯችሁ የገባው ሰው የሚናገረው ያኔ ነው። የሐዋሳው አባትም የተናገሩት እራት ላይ ነበር እንጂ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

መልካም ጉዞ፣ መልካም ቴአትር! ለሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።