በፓሪስ ጐዳና የይሉኝታ ዋጋ

ለትምህርት፤ ለሥራ ወይም ለጉብኝት ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ወገኖቻችን ልብሳቸውንና ፓስፖርታቸውን በጥንቃቄ ያሰናዳሉ። ይሁን እንጂ ከአገራቸው ይዘውት የሚወጡትን ይሉኝታ ልብ የሚሉት ጥቂቶች ናቸው። አታላይ አድብቶ የሚጠብቀውም ይህንኑ መልካም ጠባያችንን ነው።

ለምሳሌ ያህል የፈረንሳይን ዋና ከተማ ፓሪስን እንመልከት። በሴን ወንዝ ዳር አንድ ሰው ጐንበስ ብሎ ወርቅ መሳይ ቀለበት ያነሣና «የእርስዎ ነውን?» ሲል ይጠይቃል። አይደለም ቢሉትም «ዕድልዎ ነውና ይውሰዱት» ብሎ በእጅዎ ያኖረዋል፤ ጥቂት ቈይቶም ለምሳ የሚሆን ገንዘብ ይለምናል። ቀለበቱ ግን አስቀድሞ በእጁ የነበረ ተራ ናስ ነው። በሞንማርትር ኰረብታ፤ ከሳክሬ ኬር ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው ደረጃ፤ ወጣቶች የእንግዳውን እጅ ይዘው ባለ ቀለም ክር ያስሩለትና ዋጋውን አምጣ ይሉታል። በሌላ ስፍራ ደግሞ መስማት ለተሳናቸው ርዳታ ነው ተብሎ የሚፈረምበት ወረቀት ይቀርባል፤ እንግዳው ሲፈርም የአታላዩ ጓደኛ ኪሱን ይበረብራል።

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በሚያዝያ ወር 2013 ዓ.ም. የሉቭር ሙዚየም ሠራተኞች በኪስ አውላቂዎች ብዛትና ድፍረት ተማርረው ሥራ በማቆማቸው ሙዚየሙ ለአንድ ቀን ተዘግቶ ነበር።

ከይሉኝታ ቀጥሎ አታላይን የሚረዳው ኀፍረት ነው። በዚሁ አቈጣጠር በ1925 ዓ.ም. ቪክቶር ሉስቲግ የተባለ አታላይ የመንግሥት ሹም መስሎ የኤፍል ግንብን ለአሮጌ ብረት ነጋዴ ሸጠ። እንደሚተረከው፤ ነጋዴው መታለሉን ባወቀ ጊዜ አፍሮ ዝም ስላለ ሉስቲግ ያንኑ ግንብ ዳግመኛ ሊሸጥ ሞከረ።

የፓሪስ ሰው ሁሉ አታላይ ነው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ሳይጠሩት የሚቀርብን ሰው «አይሆንም፤ አመሰግናለሁ» ብሎ፤ ሳይቆሙ ማለፍ ነውር አይደለም። ለማያውቁት ሰው እጅን አለመስጠት፤ በመንገድ ላይ አለመፈረም፤ ገንዘብንና ፓስፖርትን ለየብቻ በውስጥ ኪስ መያዝ ይገባል። የተዘረፈ ሰው ቢኖር የባንክ ካርዱን ወዲያው ያሳግድ፤ ሳያፍርም በአቅራቢያው ላለው ፖሊስ ጣቢያ ያመልክት። አደጋ የሚያሠጋው ከሆነ በፈረንሳይ አገር በ17 ወይም በ112 ይደውል።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለው፤ ከመሳፈራችን በፊት እንቢ ማለትን እንለማመድ።