የውድድር መኪና ድንበር ሲሻገር፦ የመውጫ ማኅተም ትርጉም

የዳካር ራሊ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ለመጀመሪያ ጊዜ በሳዑዲ ዓረቢያ ሲካሄድ፣ ከአውሮፓ የተነሡት የውድድር መኪናዎች፣ ሞተር ሳይክሎችና የጭነት መኪናዎች ከፈረንሳይዋ የማርሴይ ወደብ በመርከብ ተጭነው ጅዳ ገብተዋል። እነዚህ ተሽከርካሪዎች ዋጋቸው ከፍተኛ ቢሆንም የመጡት ለሽያጭ አይደለም። ታዲያ ጉምሩክ እንዴት ያስተናግዳቸዋል?

ምላሹ «ጊዜያዊ ማስገባት» የተሰኘው ሥርዓት ነው። ዕቃው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ተመልሶ እንደሚወጣ ዋስትና ከቀረበ ቀረጥ ሳይከፈልበት ይገባል። ቀረጡ ግን አልተሰረዘም፤ ዕቃው እስኪወጣ ድረስ በእንጥልጥል ይቆያል።

ለዚህ አገልግሎት በሰፊው የሚታወቀው ሰነድ «ኤ.ቲ.ኤ. ካርኔ» ነው። መሠረቱ በ1961 በብራስልስ የተፈረመው ስምምነት ሲሆን፣ በ1990 የወጣው የኢስታንቡል ስምምነት አጠናክሮታል። ሰነዱን በየአገሩ የተፈቀደላቸው የንግድ ምክር ቤቶች የሚሰጡ ሲሆን፣ ከአንድ ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ያገለግላል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2011፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ በ2024 ሥራ ላይ አውለውታል። በመንገድ እየተነዱ ድንበር ለሚያቋርጡ ተሽከርካሪዎች ደግሞ የአውቶሞቢል ክበቦች የሚሰጡት «ካርኔ ደ ፓሳዥ» የተባለ ሌላ ሰነድ አለ።

ከካርኔው ጋር የዕቃዎች ዝርዝር ይያያዛል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች፣ መለዋወጫዎችና መሣሪያዎች በብዛታቸውና በዋጋቸው ይመዘገባሉ። ሞተር በውድድር መካከል ተበላሽቶ በሌላ ቢተካ፣ አሮጌውም አብሮ መውጣት አለበት። ነዳጅና ዘይት ግን ጥቅም ላይ ውለው የሚያልቁ በመሆናቸው በዚህ ሰነድ አይሸፈኑም። መኪናው ተገልብጦ ከጥቅም ውጭ ቢሆን እንኳ ስብርባሪውን እዚያው ጥሎ መሄድ አይቻልም። ወይ ተጭኖ ይወጣል፣ ወይ ቀረጡ ይከፈልበታል፣ ወይም በጉምሩክ ፈቃድና ቁጥጥር ሥር ይወገዳል።

ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጠረው በመልስ ጉዞ ላይ ነው። ውድድሩ ሲያበቃ ሾፌሩ፣ መካኒኩና ጫኚው ደክመዋል፤ መርከቡ እንዳያመልጥም ይጣደፋሉ። በዚህ መካከል የመውጫው ገጽ ማኅተም ሳያርፍበት ቢቀር፣ መኪናው በአካል ቢወጣም በጉምሩክ መዝገብ ላይ ገና አልወጣም። ጉምሩክ ዋስ ከሆነው ድርጅት ቀረጡን ይጠይቃል፤ ድርጅቱም ዕቃው መውጣቱን የሚያስረዳ ማስረጃ ለማቅረብ ስድስት ወር ይሰጠዋል። ማስረጃ ከሌለ ድርጅቱ ይከፍልና ገንዘቡን ከካርኔው ባለቤት ያስመልሳል።

ስለዚህ ኃላፊነቱ ሰነዱን ባወጣው ቡድን ላይ ቢሆንም፣ በኬላው ላይ ወረቀቱን በእጁ የያዘው ሠራተኛ ሊያደርገው የሚገባ ቀላል ጥንቃቄ አለ። ሲገባም ሲወጣም ቁጥሮቹን ከዝርዝሩ ጋር ማመሳከርና ማኅተሙ ማረፉን ሳያዩ ከመስኮቱ አለመራቅ ነው።