ያውቁ ኖሯል? የጎልፍ መኪና ኮንትሮለርና የአዲስ አበባ ዳገት

በኤሌክትሪክ የጎልፍ መኪና ፔዳሉን ሲረግጡ ሞተሩ ምን ያህል ኃይል እንደሚያገኝ የሚወስነው ኮንትሮለሩ ነው። በቀድሞዎቹ መኪኖች ፍጥነት የሚመጠነው በሬዚስተር ስለነበር ትርፉ ኃይል በሙቀት ይባክን ነበር። የዛሬው ኮንትሮለር ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እያቋረጠና እያገናኘ ይመጥናል።

ብዙዎች አምፒሩ ከፍ ያለ ኮንትሮለር የሚያስገቡት ለፍጥነት ብለው ነው። ተጨማሪው አምፒር ግን በዋናነት ጉልበት ይሰጣል፤ ለውጡ ጎልቶ የሚታየው እንደ አዲስ አበባው የካ ባለ ዳገት ላይ ነው። በሜዳ ላይ ያለው ፍጥነት ይበልጥ በባትሪው ቮልቴጅና በሞተሩ ይወሰናል። እባክዎ፣ ኬብሉን፣ ፊውዙንና ዋናውን ኮንታክተር ሳያሳድጉ ኮንትሮለሩን ብቻ አይቀይሩ። ቀጭን ኬብል ይግላል፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ ባለው ስስ አየር የቤንዚን ሞተር አቅሙ ሲቀንስ የኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበቱን አያጣም። ስስ አየር ሙቀትን የመውሰድ አቅሙ ግን አነስተኛ ስለሆነ፣ ኮንትሮለሩ ጥሩ ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአያት–ጦር ኃይሎች ቀላል ባቡርም ሞተሮቹ የሚታዘዙት በፈጣን የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያና ማጥፊያ ነው፤ መስመሩ 750 ቮልት ሲሆን ብዙ የጎልፍ መኪኖች የሚሠሩት በ48 ቮልት ነው።