የጥርስ መበስበስና የፍሎራይድ ምልክት፦ ለአንደኛ ደረጃ መምህራን የቀረበ ማብራሪያ

በየትምህርት ቤቱ በሰልፍ ሰዓት የተማሪዎችን ጥፍር፣ ፀጉርና ጥርስ መመልከት የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ መልካም ቢሆንም፣ ጥርስን በሚመለከት አንድ መሠረታዊ ልዩነት ካልተጤነ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ሊለወጥ ይችላል። ይኸውም የበሰበሰ ጥርስና ቀለሙ የተለወጠ ጥርስ አንድ አለመሆናቸው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለቱን መነሻና ምልክት ለይቶ ማሳየት ነው።

ሀ. የጥርስ መበስበስ

በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን በጥርስ ላይ በሚጋገረው ስስ ሽፋን ውስጥ ሆነው ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ ልባስ ያሟሟል። ምራቅ ይህን ለመጠገን ጊዜ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ከረሜላ የሚመጥ ልጅ፣ ያንኑ መጠን በአንድ ጊዜ ከምግብ ጋር ከሚበላው ይልቅ ለጉዳት ይጋለጣል። መምህሩ የእንቁላል ቅርፊት በኮምጣጤ ውስጥ አሳድሮ በማሳየት የአሲድን ሥራ በቀላሉ ሊያስረዳ ይችላል።

በተለይ ሊጤን የሚገባው የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ነው። ይህ ጥርስ በ6 ዓመት ገደማ፣ ከወተት ጥርሶች በስተኋላ፣ ሌላ ጥርስ ሳይነቀል ስለሚበቅል፣ ብዙዎች የወተት ጥርስ ይመስላቸዋል። ዳሩ ግን አንዴ ከጠፋ ምትክ የለውም።

ለ. የፍሎራይድ ምልክት

በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂና በዓለም ጤና አካባቢ፣ የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ አለቶች ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ የተባለውን ንጥረ ነገር ይዞ ይወጣል። ፍሎራይድ በመጠኑ ሲሆን ጥርስን ከመበስበስ ይከላከላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ካስቀመጠው መመሪያ፣ ማለትም በሊትር 1.5 ሚሊግራም፣ በእጅጉ ሲያልፍ ግን፣ ቋሚ ጥርሶች ገና በድድ ውስጥ ሲሠሩ ልባሳቸውን ያውካል። ይህም የሚሆነው ሕፃኑ 8 ዓመት ገደማ እስኪሞላው ባለው ጊዜ ነው። ጥርሶቹ ሲወጡ የኖራ መልክ ያለው ነጭ መስመር፣ ሲብስም ቡናማ ቀለም ይታይባቸዋል። ቀለሙ ከልባሱ ጋር የተዋሐደ በመሆኑ በመፋቅ አይለቅም።

ሐ. ሁለቱን መለየት

የፍሎራይድ ምልክት በአብዛኛው በግራና በቀኝ ባሉ ተመሳሳይ ጥርሶች ላይ በእኩል ይታያል፤ መበስበስ ግን ብዙውን ጊዜ በአንዱ መንጋጋ ስንጥቅ ይጀምርና ጥርሱን ይቦረቡራል። እንግዲህ በጓደኞቹ ፊት «ጥርስህን ፋቅ» ተብሎ የተገሠጸው ልጅ በየቀኑ የሚፍቅ ሊሆን ይችላል። ይህ ልጅ አፉን በእጁ መሸፈንን ይለምዳል፤ ጮክ ብሎ ከማንበብም ይሸሻል፤ አንዳንዱም በአሸዋ ወይም በከሰል እያሸ ልባሱን ይሞርዳል። በአንጻሩ የፊት ጥርሱ ነጭ በመሆኑ የተመሰገነው ልጅ መንጋጋው ተቦርቡሮ ሳይታወቅ ይቀራል።

መ. ከመምህሩ የሚጠበቀው

1. ጥርስን በሰልፍ ፊት ሳይሆን ለብቻ፣ በቂ ብርሃን ባለበት፣ መንጋጋን ጭምር መመልከት፤ የተቦረቦረ ጥርስ ያለበትን ልጅ ወላጆቹ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ማሳሰብ።

2. ብሩሽ ለሌለው ተማሪ የመፋቂያን አጠቃቀም ማስተማር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. ልማዱ ባለበት ሁሉ መፋቂያን መጠቀምን ደግፏል። ጫፉ እስኪለሰልስ ታኝኮ እስከ ኋለኛው መንጋጋ እንዲደርስ፣ በተለይም ከመኝታ በፊት እንዲፋቅበት ማሳየት ያስፈልጋል።

3. ምልክቱ በብዙ ተማሪዎች ላይ ከታየ ለውሃና ለጤና ጽሕፈት ቤቶች ማሳወቅ። ውሃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያስወግድም፤ ውሃው በተነነ መጠን እንዲያውም ያከማቸዋል።

በተማሪው ጥርስ ላይ የወጣው ቀለም ውሃውን በመለወጥ አይጠፋም። ሆኖም በቤት ያሉት ታናናሾቹ ገና ጥርሳቸው በመሠራት ላይ ነው። ከዝናብ ወይም ከሌላ የፍሎራይድ መጠኑ ዝቅተኛ ከሆነ ምንጭ ንጹሕ ውሃ ለእነርሱ ቢለይላቸው ጥርሳቸው ሊድን ስለሚችል፣ መምህሩ ይህን ለወላጆች ሳይዘገይ ማስረዳት ይገባዋል።