ስቴንት፦ የተዘጋን የምግብ ቧንቧ የሚከፍት የሽቦ ቱቦ

የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ከቆመበት ከቴዎድሮስ አደባባይ ተነስቶ የቸርችልን ጎዳና ቁልቁል የወረደ ሰው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ያገኛል። ሆስፒታሉ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር። ሪፈር ተጽፎላቸው ከሚመጡት መካከል «ምግብ አልወርድ አለኝ» የሚሉ አሉ። በአገራችን የምግብ ቧንቧ ካንሰር ጎልቶ የሚታየው በአርሲና በባሌ ነው።

ቧንቧው ስለሚለጠጥ ዕጢው ሰፊ ቦታ እስኪይዝ ድረስ ችግሩ አይታወቅም። መጀመሪያ ሥጋና እንጀራ ይተናነቃል፤ ቀጥሎ ፍትፍቱ፣ ከዚያ አጥሚቱና ውሃው፣ በመጨረሻም የራስ ምራቅ። ሰው ሐኪም ቤት የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ካንሰሩ ከተሠራጨ፣ አቅሙም ከተሟጠጠ በኋላ ነው። «ለኦፕራሲዮን አይሆንም» የሚባለውም ያኔ ነው። ቤተሰብ ይህን ሲሰማ «ሕክምና የለውም» እንደተባለ ይቆጥረዋል። ሁለቱ ግን ይለያያሉ፤ ካንሰሩን ማውጣት ባይቻልም የተዘጋውን ቧንቧ በስቴንት መክፈት ይቻላል።

ስቴንት ከኒኬልና ከታይታኒየም ቅይጥ በተሠራ ሽቦ የተጠለፈ ቱቦ ነው። ታካሚው ማደንዘዣና ማረጋጊያ ተሰጥቶት በግራ ጎኑ ይተኛል። ሐኪሙ በኢንዶስኮፒ እያየ በጠበበው ቦታ ቀጭን ሽቦ ያሳልፋል፤ ከእርሳስ ብዙም የማይወፍር ማስገቢያ ውስጥ የታጠፈውን ስቴንትም በዚያው ሽቦ ላይ ያወርደዋል። መሸፈኛው ወደ ኋላ ሲሳብ ስቴንቱ ይፈታል፤ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥም ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ደረት አይቀደድም። በስስ ሽፋን የተለበጠው ዓይነት ደግሞ ምግብ ቧንቧው ወደ አየር ቧንቧ ተበስቶ ውሃ በጠጡ ቁጥር ትን ለሚላቸው ይጠቅማል።

ጣጣም አለው። ደረት ያማል፤ ስቴንቱ ሊንሸራተት ወይም ዕጢው ዳግም ሊዘጋው ይችላል። ጨጓራ አፍ ላይ ከተቀመጠ ቃር ስለሚያስከትል ትራስ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ምግብ ደቆ፣ በደንብ ታኝኮ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይበላል።

አማራጩ ስቴንት ብቻ አይደለም። በፊኛ ማስፋት ፈጥኖ ያቃልላል፣ ግን አይቆይም። ሌላው የጨረር ምንጩን ቧንቧው ውስጥ አስገብቶ ከቅርብ ማከም ነው። በኔዘርላንድስ 209 ሕሙማንን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ስቴንት ቶሎ እንደሚያቃልል፣ የውስጥ ጨረሩ ግን ለረዥም ጊዜ የተሻለ እፎይታ እንደሚሰጥ አሳይቷል። ስለዚህ ሐኪሙ ምርጫውን በታማሚው አቅምና በሚጠበቀው ዕድሜ ይመዝናል። በጎረቤት ኬንያ ቦሜት የሚገኘው የቴንዌክ ሆስፒታል ሐኪሞች የራጅ መከታተያ ሳያስፈልጋቸው በኢንዶስኮፒ ብቻ ለብዙ ሕሙማን ስቴንት አስገብተዋል፤ ውድ መሣሪያ በሌለበትም ሥራው እንደሚቻል አስመስክረዋል።

ስቴንት ካንሰሩን አያድንም፤ ታማሚው የቀረውን ዕድሜ በረኃብ እንዳያሳልፍ ግን ያደርጋል። «ለኦፕራሲዮን አይሆንም» የተባለ ዘመድ ያላችሁ፣ ወደ ቤት ከመመለሳችሁ በፊት «መዋጥ እንዲችል ምን ይደረግለት?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። እንጀራ ደጋግሞ የሚተናነቃችሁም ውሃ እስኪከለክላችሁ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ተመርመሩ።